ከእድር ድንኳን እስከ መሥሪያ ቤት ሣጥን
በኦሎምፒያና በካዛንቺስ የመረዳዳት ታሪክ

 



ኮሚቴው ለዚህ መታሰቢያ መጽሔት ስለ አካባቢያችን ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በጠየቀኝ ጊዜ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ መስጊዱ ሕንፃ ለመጻፍ ነበር። ዳሩ ግን ሕንፃን ሕንፃ የሚያሰኘው በውስጡ የሚሰባሰበው ሰው ነው፤ ሰውን ደግሞ ጀመዓ የሚያሰኘው እርስ በርሱ መተዋወቁና መረዳዳቱ ነው። ስለዚህ በኦሎምፒያና በካዛንቺስ ሰው እንዴት ሲረዳዳ እንደኖረ፣ ዛሬስ ይህ መረዳዳት በምን ላይ እንደሚገኝ ጥቂት ላወጋችሁ ወደድኩ። ያነሳሳኝም በራሳችን ላይ የደረሰ ነገር ነው።

በ2017 ዓ.ም. የረመዷን ማብቂያ ላይ ዘካተል ፊጥር ልናከፋፍል የችግረኞችን መዝገብ ገለጥን። መዝገቡ ለብዙ ዓመታት በጥንቃቄ የተያዘ ነው። የሰውየው ስም፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ የቤቱ ምልክት ሁሉ ሰፍሮበታል፤ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ»፣ «ከቧንቧው አጠገብ ሦስተኛው በር»፣ «ከእንጀራ ሻጯ ጎን» ይላል። እህሉን ተሸክመው የወጡት ወጣቶቻችን ግን ብዙውን እንደያዙ ተመለሱ። ወፍጮ ቤቱ የለም፤ ቧንቧው የለም፤ በሩም የለም። ስሙ በእጃችን ነው፤ ባለስሙ ግን የት እንዳለ አናውቅም። ዘካተል ፊጥር ደግሞ ከዒድ ሶላት በፊት ለባለቤቱ መድረስ ያለበት ሐቅ ነው። የሰው ሐቅ በእጃችን ይዘን ሌሊቱ ሊነጋብን ሆነ።

በዚያች ሌሊት ከተቸገርንባቸው ስሞች አንዷ ዕድሜያቸው የገፋ እናት ነበሩ። ያገኘናቸው በጎረቤት አይደለም፤ ጎረቤት ሁሉ ተበትኗልና። የእኝህ እናት ልጅ በአካባቢያችን ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት ሥራ ላይ እንደምትገኝ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ነገረን። እርሱ ደወለላት፤ እርሷ ነገረችን፤ እኛም ደረስን። ጥፋቱ የእኛ የኮሚቴው ነበር። ሰውን በቤቱ እንጂ በሰውነቱ አልመዘገብነውም ነበር። ነገር ግን ይህች ሌሊት አንድ ትምህርት ሰጠችን፦ ሰፈር በፈረሰበት ቦታ የቀረው የመተዋወቂያ ገመድ መሥሪያ ቤት ነው። ይህን ለመረዳት ወደ ታሪኩ መለስ ማለት ያስፈልጋል።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ከሥራና ከሠራተኛ ጋር የተያያዘ ነው። ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራ «ኢንቺስ» በሚል ምህጻረ ቃል የሚጠራ የኢጣልያ ድርጅት ነበር። «ካዛ» በቋንቋቸው ቤት ማለት ሲሆን፣ የድርጅቱ ቤቶች የሚለው አጠራር በሕዝቡ አንደበት «ካዛንቺስ» ሆኖ ቀረ። ወራሪው ሄደ፤ ስሙ ቀረ። እንግዲህ ሰፈራችን ገና ከስሙ የሠራተኞች ሰፈር ነው ማለት ነው። በኋላም በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በዚያው አዳራሽ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። መሥሪያ ቤቶችና ሆቴሎች እየበዙ ሲሄዱ ከየአቅጣጫው የመጣ ሠራተኛ፣ ዘበኛ፣ ሾፌር፣ ጸሐፊ፣ ነጋዴና የቀን ሠራተኛ በዙሪያቸው ሰፈረ። ከጉራጌና ከስልጤ፣ ከወሎ፣ ከሐረር፣ ከጅማ የመጣው ሁሉ በአንድ ቅያስ ውስጥ ግድግዳ ተጋርቶ ኖረ።

መረዳዳቱ ግን ከሰፈሩ ዕድሜ በላይ ነው። በሃይማኖታችን ዘካ ከ5ቱ የእስልምና ማዕዘናት አንዱ ሲሆን፣ ከገንዘብና ከንግድ ዕቃ ላይ ዓመት ሲሞላው ከ40 እጅ አንዱ እጅ ይወጣል፤ የሚሰጣቸውም ወገኖች 8 ሆነው ተለይተዋል። ሶደቃ ደግሞ በሰዓትና በመጠን ያልተወሰነ፣ ሙስሊም ላልሆነውም ጎረቤት ጭምር የሚዘረጋ የበጎ ፈቃድ ስጦታ ነው። ከዚህ ሌላ ወቅፍ አለ። ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ.) በመዲና የሩማን የውኃ ጉድጓድ በገንዘባቸው ገዝተው ሕዝቡ በነፃ እንዲጠጣበት አደረጉ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን መሬት መሬቱ ሳይሸጥ፣ ሳይወረስ፣ ፍሬው ብቻ ለችግረኛ እንዲውል ወሰኑት። ሶደቃ የዛሬን ረሃብ ያስታግሣል፤ ወቅፍ ግን ሰጪው ከሞተ በኋላም ይሰጣል።

በአገራችንም ይህ ሥርዓት የሕግ ዕውቅና ነበረው። በ1936 ዓ.ም. የቃዲዎችን ሸንጎ ያቋቋመው አዋጅ ከጋብቻና ከውርስ ጋር የወቅፍን ጉዳይ በሸንጎው ሥልጣን ሥር አድርጎታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅም ይህንኑ አጽንቶታል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ንጉሥ ነጃሺ ከመካ ተሰደው የመጡትን የነቢዩን ባልደረቦች በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ተቀብሎ ማስጠጋቱን የማያውቅ ሙስሊም የለም። ሃይማኖቱን ለማያውቀው እንግዳ ቤቱን የከፈተ አገር ልጆች ነን።

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ፣ የመረዳዳቱ ምሰሶ እድር ነበር። የታሪክ ሰዎች በአዲስ አበባ የእድርን አጀማመር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለሥራ ወደ ከተማ ከገቡ ሰዎች፣ በተለይም ከጉራጌ ተወላጆች ጋር ያያይዙታል፤ ከኢጣልያ ወረራ በኋላ በሰፊው ተስፋፋ። ከአገሩና ከዘመዱ ርቆ የመጣ ሰው «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» የሚለው ጭንቀት ነው እድርን የወለደው። አሠራሩም ቀላል ነው። አባሉ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሰሐን በጋራ ይገዛል። ሞት ሲደርስ የእድሩ ለፋፊ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ያልመጣ ይቀጣል።

እኔ ልጅ ሳለሁ ያንን የንጋት ጥሩምባ ስሰማ ብርድ ብርድ ይለኝ ነበር። የእኛ ጀናዛ ደግሞ እንደሚታወቀው አይቆይም፤ ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት በዚያው ቀን ወደ መቃብር ይወሰዳል። ጠዋት ጥሩምባ ተነፍቶ ከቀትር በፊት ድንኳኑ የሚተከለው፣ ሴቶቹ እንጀራውን የሚያደርሱት፣ እስከ ኮልፌ የሙስሊም መቃብር ድረስ ሕዝቡ የሚሸኘው በእድሩ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ እድር ይጠጡ ነበር። እኛ ጀናዛ ላይ ስንሰግድ ጋሽ እገሌና እትዬ እገሊት ጫማቸውን ይዘው ውጭ ይጠብቁን ነበር፤ እነርሱ ሲያዝኑም አባቶቻችን ከድንኳኑ ስር ሦስቱንም ቀን አይጠፉም ነበር። ይህን የሚያዝ አዋጅ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ይህ ሁሉ መተዋወቅ ሊጸና የቻለው ሰው በአንድ ቦታ ለረጅም ዘመን በመኖሩ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የኪራይ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ቀበሌዎችም ተቋቋሙ። የቀበሌ ቤት ጠባብና ያረጀ ቢሆንም ኪራዩ ዝቅተኛ በመሆኑ አያት በኖረበት ልጅ፣ ልጅ በኖረበት የልጅ ልጅ ኖረ። ድህነቱ የማያኮራ ነበር፤ ጎረቤትነቱ ግን ሥር ሰደደ። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት በዘጋ ጊዜ፣ ሬሳ ለመቅበር የተቋቋሙት የአዲስ አበባ እድሮች በርካቶቹ ደንባቸውን አሻሽለው ሕመምተኛ ወደ መጠየቅና የቲም ወደ መርዳት የተሻገሩት የትኛው ቤት ውስጥ ማን እንዳለ አስቀድመው ያውቁ ስለነበር ነው።

ሁለተኛው የመረዳዳት መንገድ መሥሪያ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች በአገራችን የመጀመሪያ የሆነውን የቁጠባና ብድር ማኅበር አቋቋሙ፤ የሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞችም ተከተሏቸው። ከየደመወዙ የሚጠራቀመው ገንዘብ ልጅ ለማስተማሪያ፣ ለመታከሚያ፣ ለቤት መሥሪያ ይበደሩበታል። የመሥሪያ ቤት እድርና እቁብም እንዲሁ ተስፋፋ። በበዓል ደግሞ ሠራተኛው በሬ ተጋዝቶ ቅርጫ ይካፈላል፤ ለኡድሒያ 7 ሰው በአንድ ከብት መሳተፍ መቻሉም ከዚህ ልማድ ጋር ተስማምቶልናል።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው በሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ጦር ሊወረን በተዘጋጀበት ዋዜማ ነበር። ዋና መሥሪያ ቤቱም ከእኛው አቅራቢያ፣ ወደ ስታዲየም በሚወስደው በኩል ይገኛል። የደም ባንክ አገልግሎትን እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው ይኸው ማኅበር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራው ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛውሯል። ዛሬ ደም ሰብሳቢዎች ወደ መሥሪያ ቤት ሲመጡ ሠራተኛው በሻይ ሰዓቱ ወጥቶ ክንዱን ይሰጣል። ደሙ ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም፤ ለወላድ ይሁን ለአደጋ ተጎጂ፣ ለሙስሊም ይሁን ለክርስቲያን። ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ የማያውቅበት ሶደቃ ማለት እንዲህ ያለ ነው።

በመሥሪያ ቤት የሚሰበሰብ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ደመወዝተኛው ከወር ደመወዙ እየተቆረጠ ለተጎጂዎች ሰጥቷል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ለተጣለውና በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው የሕዳሴ ግድብም የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን እየከፈለ ቦንድ ገዝቷል። ብዙው በሙሉ ልቡ ነው ያደረገው። ነገር ግን «ተስማምታችኋል» ተብሎ ብቻ ሳይጠየቅ የተቆረጠበት፣ እምቢ ቢል የሚመጣበትን የፈራም አልታጣም። ለአገር የወጣው ገንዘብ ለአገር ይጠቅማል፤ እኛ ግን በሃይማኖታችን ሥራ የሚለካው በኒያ ነው እንላለን። ከደመወዝ የተቆረጠ ሁሉ ሶደቃ አይሆንም። ሶደቃ እንዲሆን ሰጪው መስጠቱን ማወቅና መውደድ አለበት። በፍርሃት የተሰበሰበ መዋጮ ሰብሳቢው ዞር ሲል ይቋረጣል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ አገራችን በገባ ጊዜ ሁለቱም መንገዶች ተፈተኑ። መስጊዶች ለጀመዓ ሶላት ተዘጉ፤ የዚያን ዓመት ረመዷን ተራዊሕን በየቤታችን ሰገድን። የቀን ሠራተኛው፣ ሊስትሮው፣ ሻይ አፍልታ የምትሸጠው እናት ገቢያቸው በአንድ ሳምንት ደረቀ። ያን ጊዜ ነው ማዕድ ማጋራት የሚለው ቃል በሁሉ አፍ የገባው። መሥሪያ ቤቶች ዱቄትና ዘይት ሰበሰቡ፤ የሰፈር ወጣቶች በየበሩ አደረሱ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ መሥሪያ ቤቱ ነበረው፣ ሰፈሩ ደግሞ ያውቅ ነበር። ያለው ከሚያውቀው ጋር ስለተገናኘ እህሉ ለተራበው ደረሰ።

በ2013 ዓ.ም. የረመዷን ማብቂያ ላይ ደግሞ ከደጃችን ባለው በመስቀል አደባባይ የጎዳና ኢፍጧር ተደርጎ ሕዝበ ሙስሊሙ በአንድነት አፈጠረ። በዒድ ዋዜማ የክርስቲያን ወጣቶች መስገጃችንን ሲጠርጉ፣ በእነርሱ በዓል ዋዜማ የእኛ ልጆች መጥረጊያ ይዘው ሲወጡ ማየትም እየተለመደ መጥቷል። በክረምት ወራትም መሥሪያ ቤቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት በበጎ ፈቃድ ማደስ ጀመሩ። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ቢሆንም ከኢፍጧሩ ማግሥት የሚራብ፣ ቤቱ ከታደሰለት በኋላ የሚጠይቀው የሌለው ሰው እንዳለም አንዘንጋ። የአንድ ቀን ፎቶግራፍ የዓመቱን ጉዳይ አይሸፍንም፤ የተቀባይን ፊት ለካሜራ ማዞርም ሶደቃውን በማስከፋት ማበላሸት ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰፊው ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወረ። ያረጀው ቤት በመቅረቱ የተደሰተ አለ፤ የራሱ መጸዳጃና ኩሽና ያለው ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘ ቤተሰብ አለና ይህን መካድ አይገባም። መንገዱም ሰፍቷል። ነገር ግን ለ40 እና ለ50 ዓመት አብሮ የኖረ ጎረቤት በተለያየ ብሎክ፣ በተለያየ ክፍለ ከተማ ሲበተን የእድሩ ድንኳን የት ይተከል? ጥሩምባው ለማን ይነፋ? መዝገብ ይዘን በሌሊት የተንከራተትነው በዚህ ምክንያት ነበር።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ ዛሬ በመስጊዳችን የዙህርን ሶላት የሚሰግደውን ሰው ተመልከቱት። ብዙው የሰፈር ነዋሪ አይደለም፤ በዙሪያችን ካሉት ባንኮች፣ ሆቴሎች፣ ቢሮዎችና የግንባታ ቦታዎች ለግማሽ ሰዓት የሚወጣ ሠራተኛ ነው። ጫማውን አጥልቆ ወደ ሥራው ይሮጣል፤ ከጎኑ የሰገደውን ሰው ስሙን አያውቅም። ሆኖም በየቀኑ ይመጣል። ጎረቤት ያደርገው የነበረውን ነገ የሚያደርገው እርሱ ነው። ስለሆነም የሚከተሉትን ለጀመዓውና ለኮሚቴው አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ መዝገባችን በቤት ምልክት መሆኑ ቀርቶ በሰው ይሁን። ለእያንዳንዱ ችግረኛ ስልክ ቁጥሩና የሚያውቀው አንድ ተጠሪ ይመዝገብለት። መዝገቡን የሚያየው የተመረጠ ሰው ብቻ ይሁን፤ የድኻ ስም የአደባባይ ወሬ አይደለም።

ሁለተኛ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ሰጋጆች ትንሽ የሶደቃ ሣጥን ያኑሩ። ቁልፉን ከ2 ያላነሱ ሰዎች ይያዙት፤ በየወሩ ተቆጥሮ በደረሰኝ ገቢ ይሁን፤ የገባውና የወጣው ይነበብ፤ የሰጪው ስም ግን አይነበብ። አለቃ የበታቹን አያስገድድ። የዘካና የሶደቃ ገንዘብም አይቀላቀል፤ ዘካ ለተለዩት ወገኖች ነው፣ ከሶደቃው ግን በዚያው መሥሪያ ቤት ያለች ክርስቲያን የጽዳት ሠራተኛ ብትቸገር ሐቅ አላት።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ የሌለው ሙያውን ይስጥ። የሒሳብ ሠራተኛው በወር አንድ ቅዳሜ የኮሚቴውን ሒሳብ ይመርምር፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የአንዲት አሮጊት ቤት መስመር ይጠግን፤ ሐኪሙ ይመርምር፤ አስተማሪው የቲሞችን ያስጠና።

አራተኛ፣ ትንሽም ብትሆን አንዲት ወቅፍ ትኑረን። የዑስማን ጉድጓድ ከአንድ ሰው ኪስ ወጥቶ ሕዝብ አጠጥቷል፤ የእኛ ደግሞ ከብዙ ሰው ኪስ ጥቂት በጥቂት ሊወጣ ይችላል። የአንድ ሱቅ ኪራይ በየወሩ የጥቂት የቲሞችን ደብተርና ምሳ ቢሸፍን፣ የረመዷንን ልግስና ወደ ዓመቱ ሁሉ አደረስነው ማለት ነው።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ ከሰፈሩ የሄዳችሁ ሁሉ እድራችሁን አታፍርሱ። ድንኳኑ ቢያረጅ ስልኩ አለ። የሞት መልእክት ሲደርሳችሁ፣ መንገዱ ቢርቅም፣ እንደ ጥሩምባው ዘመን ተነሱ።

ያች እናት በዒድ ዋዜማ እህሉን ስናደርስላቸው መጀመሪያ የጠየቁን ስለ እህሉ አልነበረም። «ከእኛ ሰፈር ሌላ ማንን አገኛችሁ?» ነበር ያሉን። የጎረቤቶቻቸውን ስም አንድ በአንድ ጠሩልን፤ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም። ከጠሯቸው ውስጥ የጥቂቶቹን ብቻ ነበር መመለስ የቻልነው። ይህ ጽሑፍ በሚቀጥለው ረመዷን ለጥያቄያቸው የተሻለ መልስ ይዘን እንድንሄድ ቢረዳን ምኞቴ ተፈጸመ።

አላህ ሱብሓነሁ ወተዓላ ከዚህ ሰፈር ተነስተው ወደ አኼራ የሄዱ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ይማርልን፤ የተበተኑትን ያገናኝልን፤ የምንሰጠውን በንጹሕ ኒያ የምንሰጥ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።